የተፋቀው ስልክ

«እስቲ ገልብጠው» አለች ኩልሱም።

ቶፊቅ አዲሱን ስልኩን ደረቱ ላይ እንደለጠፈ ቀረ። «ምን ያደርግልሻል? ቴክኖ ነው። ቻይና ብለሽ ጻፊና እለፊ፣ በቃ።»

«ቀይዋ ነጥብማ ቻይና መሆኗን ማን አጣው! የምጠይቅህ አረንጓዴዋን ነው።»

ነገሩ የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው የቲቸር ጌድዮን ሥራ ነው። በሰፊ አቡጀዲ ላይ የዓለም ካርታ አስነድፈው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ተማሪው ሁሉ ስልክ ይዞ ይመጣል። የስልኩ ስም የተወለደበት አገር ላይ ቀይ ነጥብ፣ በእጁ የያዘው ስልክ የተገጣጠመበት አገር ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ ይለጥፋል። በሌላ ጊዜ ስልክ ይዞ ግቢ መግባት የሚያስቀጣ ስለነበር ዘጠነኛ «ለ» ሰሞኑን ሠርግ ቤት መስላለች።

ቀይዋ ቀላል ነበረች። ኖኪያ ፊንላንድ፣ ሳምሰንግ ደቡብ ኮሪያ፣ ሶኒ ጃፓን፣ ሁዋዌና ኦፖ ቻይና። ጣጣ ያመጣችው አረንጓዴዋ ናት። የፍሮምሳ አባት ሳምሰንግ ሲገለበጥ ቬትናም የሚል ተገኘበት። ነአምንማ «የአሜሪካ ነው» እያለች ስትካበድበት የከረመችው የእህቷ አይፎን ቻይና ተገጣጥሞ መምጣቱን ጀርባው መሰከረባትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኩልሱም የየስልኩን አገር የምትመዘግብ የቡድናቸው ጸሐፊ ስለሆነች አልለቀቀችውም። ቶፊቅ መላ ሲያጣ ስልኩን ገለበጠው። ሰማያዊው ጀርባ ከታች በኩል፣ ደቃቁ ጽሑፍ መኖር በነበረበት ቦታ፣ በምላጭ ተፍቆ ነጥቷል።

«ወድቆብኝ ነው» አለ ቀድሞ።

ኩልሱም አላመነችውም። የወደቀ ስልክ ይሰነጠቃል እንጂ እንዲህ በሥርዓት አይፋቅም። አባቷ ሀሚድ መሪ ሰፈር ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል። ለሠራተኞቹ ከሁሉ በፊት የሚነግራቸው «ጀርባው የተፋቀ ስልክ ከመጣ እጃችሁን አታስነኩ» የሚለውን ነው። በእንደዚህ ዓይነቱ ስልክ ጀርባ ላይ ከአገሩ ስም ጋር መለያ ቁጥሩም ይጻፋል፤ ሌባ ቁጥሩን ይፍቃል።

ደግሞ ቅዳሜ ዕለት እንጦጦ ለትምህርት ጉብኝት ወጥተው ሳለ፣ ከራጉኤል ቁልቁል ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ የፀደንያ ሰማያዊ ቴክኖ ጠፍቷል። ፀደንያ የኩልሱም የልብ ጓደኛ ናት። ዳገቱን ሲወጡ ደክሟት ቦርሳዋን የተሸከመላት ማን ነበር? ቶፊቅ። ሰኞ ጠዋት ሰማያዊ ቴክኖ ይዞ ከች ያለውስ? ያው ቶፊቅ።

«አባቴ ከዱባይ ልኮልኝ ነው» ብሏል ለጠየቀው ሁሉ። ኩልሱም ግን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእነ ቶፊቅ አንድ ብሎክ ላይ ነው የምትኖረው። አባቱ ዱባይ ከገባ ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ለልጁ ደውሎ የማያውቅ ሰው በምን ቀን ስልክ ላከ?

ይህን ሁሉ በፀደንያ ጆሮ አንሾካሾከችላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የምሳ ደወል ሳይደወል ወሬው የመጨረሻው ዴስክ ደርሶ ተመልሷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቶፊቅ ምንም አልሰማም፤ ምሳውን ሲከፍት አጠገቡ የተቀመጡት ተነስተው ሌላ ቦታ መሄዳቸውን ብቻ ነው ያየው።

«ነቄ ነኝ፣ እሱ ነው!» አለች ፀደንያ።

«ቁጥሩ ቢፋቅም ስልኩ ራሱ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል እኮ» አለች ኩልሱም። «ካርቶንሽ ላይ ካለው ጋር እናመሳክረው።»

«ከእህቴ የወረስኩት ስልክ ነው፣ ካርቶኑን የት አባቴ አመጣዋለሁ? ነገ ካርታው ላይ ሊለጥፍ ሲወጣ ቲቸር ፊት አፋጥጠዋለሁ። አንቺ የሱቅ ልጅ ነሽ፣ ትመሰክሪልኛለሽ።»

«እሺ» አለች ኩልሱም። እውነት ለመናገር፣ እንደ አዋቂ መጠየቋ ደስ ብሏት ነበር።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በእግሯ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። ሀሚድ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስክሪን ይቀይራል። ከጎኑ ቆማ ታሪኩን ከእንጦጦ ጀምራ አወራችለት፤ የተፋቀው ጀርባ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሳይቀር ደመቀ።

ሀሚድ መፍቻውን አስቀመጠ። «ማን የሚባል ልጅ ነው ያልሽኝ?»

«ጎረቤታችን ቶፊቅ፣ አባዬ።»

«ይህን ነገር ለሰው ተናግረሻል?»

ኩልሱም መፍቻውን አንስታ ታገላብጠው ጀመር። አባቷ ገብቶት ተነሳና የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ከመደርደሪያው ሥር ባዶ የስልክ ካርቶን አወጣ።

«ስልኩን የሸጥኩት እኔ ነኝ። እሑድ ዕለት፣ ለእናቱ። ለልጇ አባትህ ላከልህ ልትለው ነው። ‹ሀሚድ፣ ካርቶኑም ነገሩም አንተው ጋ ይቅር› ብላኛለች። አማና ነው፣ አደራ። የልጁን ስም ባታጠፊ ኖሮ ወላሂ ለአንቺም አልነግርሽም ነበር። ካንቺ እንዳያልፍ!»

የኩልሱም ፊት ጋለ። «ታዲያ ለምን ፋቀው? ካልሰረቀው ቁጥሩን ለምን ይፍቃል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ሀሚድ ወደ ሥራው እየተመለሰ።

መስታወት መደርደሪያው ውስጥ ተመሳሳይ ሰማያዊ ስልክ አለ። አወጣችና ገለበጠችው። ቁጥሩ አለ። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ይላል፤ እዚሁ አገር የተገጣጠመ ነው። ደጋግማ አነበበችው። ከዱባይ የመጣ ስልክ እንዲህ አይልም።

ቶፊቅ ቁጥሩን አይደለም፣ አገሩን ነው የፋቀው።

ኩልሱም በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቶፊቅ ጽሑፉን አይቶ ሁሉም ነገር ገብቶታል ማለት ነው። አባቱ እንዳልላከ፣ እናቱ ከየትም አምጥታ እንደገዛችለት ያውቃል። የእናቱ ቃል ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ምላጭ አነሳ። እናትየው እውነቱን ከልጇ ደብቃለች፤ ልጅየው ደግሞ ማወቁን ከእናቱ ደብቋል። እሷ መሀላቸው ገብታ ሌባ አለችው። በራሷ አፈረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ማታ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ነገሩን ከየትም ብታነሳው አልያዝ አላት። እውነቱን ብትናገር ወሬው ከክፍል ወጥቶ ብሎካቸው ይደርሳል፤ የቶፊቅ እናትም ትሰማለች። ዝም ብትል ደግሞ ቶፊቅ ሌባ ሆኖ ይቀራል።

በማግስቱ ቲቸር ጌድዮን የቶፊቅን ስም ሲጠሩ ሁሉም ቀና አለ። ቶፊቅ ወጥቶ ቀይዋን ነጥብ ቻይና ላይ ለጠፈ። አረንጓዴዋ ጣቱ ጫፍ ላይ እንደተጣበቀች ቆመ።

«የትኛው አገር ተገጣጠመ?» አሉ ቲቸር።

«ተፍቋል፣ ቲቸር።»

«ይፋቃላ!» ብላ ፀደንያ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ስልኩ የእኔ ነው! እንጦጦ ላይ ቦርሳዬን የያዘው እሱ ነበር። ቁጥሩን የፋቀው እንዳይታወቅበት ነው። ኩልሱምን ይጠይቋት፣ የተፋቀ ስልክ ታውቃለች።»

ቶፊቅ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እናቴ ናት የገዛችልኝ» ቢል በአንዲት ቃል ነጻ ይወጣ ነበር። አላለም። ኩልሱም አየችው። ልጁ እናቱን ውሸታም ከማድረግ ሌባ መባልን መርጧል።

ተነሳች።

«ቲቸር፣ ወሬውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ወላሂ፣ ስልኩ የፀደንያ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እሱን እዚህ አልናገርም። ለብቻዎ አባቴን ያነጋግሩት።»

«ትናንት ሌባ ነው ብለሽኝ!» ጮኸች ፀደንያ። «ዛሬ ምን ሰጥቶሽ ነው? ወይስ አንቺም አለሽበት?»

ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ። ዓይኖች ሁሉ ከቶፊቅ ተነስተው ኩልሱም ላይ ሲያርፉ ታወቃት። ያ ጥርጣሬ እንዴት እንደሚከብድ ገና አሁን ገባት። ግን አልተቀመጠችም።

ቲቸር ጌድዮን በእረፍት ሰዓት ለሀሚድ ደውለው ተመለሱ። «ስልኩ የቶፊቅ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል» አሉ። በአፍ አበቃ እንጂ በልብ አላበቃም። የፀደንያ ስልክ አልተገኘም፤ ባሕር ዛፉ ሥር ወድቆ ቀርቶ ይሆናል። ፀደንያ ቦርሳዋን አንስታ ነአምን አጠገብ ተቀመጠች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ልጆች ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ ኩልሱም የአባዶ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ሳለ ቶፊቅ ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ረዳቱ «አባዶ፣ አባዶ፣ የሞላ!» እያለ በሩን ዘጋው። ታክሲው ተነሳ። ቶፊቅ ያችን አረንጓዴ ነጥብ ከኪሱ አውጥቶ በጣቶቹ መሀል ያሽከረክራታል።

«አባትሽ ስለ ስልኩ ምን አለሽ?» አላት ድንገት፣ ሳያያት።

አፏ ድረስ የመጣ ብዙ ነገር ነበር። ይቅርታውም፣ ካርቶኑም፣ ማወቋም። ከሁሉም ይቅርታውን ብቻ መረጠች።

«ምንም አላለኝም። እኔ ግን ክፉ ሠርቼብሃለሁ፣ ይቅርታ።»

ቶፊቅ አሁን ዞር ብሎ ፊቷን መረመረው። «አባቴ ነው የላከልኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚጠይቅ ዓይነት።

«አውቃለሁ» አለች ኩልሱም። «የዱባይ ዕቃ ያስታውቃል።»

ትንፋሹን ሲለቅ ሰማችው። አረንጓዴዋን ነጥብ የተፋቀው ቦታ ላይ ለጠፋትና በአውራ ጣቱ ተጫናት። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«ወዬ እማ! ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደረስኩ … ስልኩ? አሪፍ ነው፣ ሁሉም ወደውታል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲደውልልሽ አባዬን አመስግኚልኝ፣ እሺ?»

ኩልሱም እንዳልሰማች ሆና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።