ወደ ሀጂ ሀሚዱ ቤት የገባው መስመር

ኡበይድ ሂንድን ያወቃት ምሰሶ ላይ ሆኖ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ እሷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ የኢንተርኔት ገመድ ሲዘረጋ ፒንሳው ከእጁ አምልጦ እግሯ ሥር ወደቀ።

ቀና ብላ አየችው። «ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ፒንሳም ጀመረ?»

«አላህ ጠብቆሻል» አላት፣ ሀፍረት ይዞት።

«እኔንስ ጠብቆኛል። አንተን ማን ያውርድህ?»

ወረደ። ፒንሳውን ስትሰጠው ዐይን ለዐይን ተያዩ። ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እስከ ሐይቁ መገንጠያ አብሯት ይሄዳል። ስለ ሥራው ያጫውታታል።

«ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ቴሌቪዥኑም ፀጉር በምታህል አንዲት የመስታወት ክር ይመጣል። ቴሌቪዥኑን ታናግሪዋለሽ፣ ይመልስልሻል።»

«ከአንተ ተሻለ በለኛ። እኔ የጠየቅኩህን መች መለስክልኝ?»

የጠየቀችው ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ ነበር።

«ቋሚ ሠራተኛ ልሁን ሂንድዬ። ለኮንትራት ሠራተኛ ልጁን የሚሰጥ አባት የለም።»

«አባቴን ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቀም።

አንድ ሰኞ ቀን አዲስ ደንበኛ ተሰጠው፤ ሀጂ ሀሚዱ። የሂንድ አባት ናቸው። ቤታቸውን በሥራ ሰበብ ሊለምድ ነውና ደስ እያለው ሄደ። ሀጂ እጁን ይዘው ወደ ሳሎን አስገቡት።

«ለሂንድ ኒካህ ነው ልጄ። ሙሽራው ሰላሀዲን ጅዳ ነው ያለው፤ እዚህ ወንድሙን ዘይኑልአቢዲንን ወኪል ያደርጋል። ሸኹ ግን ፊቱን ሳላይ፣ ድምፅ ብቻ ሰምቼ ኒካህ አላስርም አሉ። በትልቁ ቴሌቪዥን ምስክሩ ሁሉ ይየው ብለን ነው።»

ኡበይድ የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሳሎኑ መጋረጃ ኋላ ሰው እንዳለ አውቋል። ብዙ የሚለው ነገር ነበረው።

«ሶኬቱ የት ነው?» አለ።

ያን ቀን ልቡ ከእጁ ጋር አልነበረም። መንገዱን የሚያቋርጠውን ገመድ ሳይወጥር፣ ዝቅ አድርጎ አሰረው።

የኒካሁ ዕለት፣ እሑድ ረፋድ፣ መስመሩን እንዲጠብቅ ተጠራ። ሰላሀዲን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ብቅ አለ። ክፉ ፊት ቢኖረው ለኡበይድ በቀለለው ነበር፤ ፊቱ ግን የደግ ሰው ፊት ነው። ሸኹ ወኪሉን እንዲጠራ ጠየቁት። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ምስሉ እንደከፈተ ቀረ።

ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ጭድ ከልክ በላይ የጫነ አይሱዙ ገመዱን ጠልፎ በጥሶታል። በሞባይል ቢሞከርም ኔትወርኩ ምስል አልሸከም አለ።

«እስከ ዙሁር ሶላት ካልተመለሰ ለሌላ ቀን እንላለን። እሱም ኸይር ነው» አሉ ሸኹ።

«አብሽሩ፣ ኡበይድ እያለ!» አሉ ሀጂ።

ኡበይድ ከአጥሩ ጥግ፣ የመስታወት ክሩን የሚያጋጥምበትን መበየጃ ማሽን ከፍቶ ተቀመጠ። የተበጠሱት ሁለት ጫፎች ጉልበቱ ላይ ናቸው። ሂንድ በጓሮ በር ወጥታ መጣች። እጆቿ ሂና ተቀብተዋል።

«ይጠገናል?»

«አይጠገንም ልበላቸው? ዛሬን ብቻ እንለፍ። ነገ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ወላሂ!»

ሂንድ ጉልበቱ ላይ ያሉትን ጫፎች አየች።

«አባቴ ኒካሁ ለማን እንደሆነ ሲነግርህ ምን አልክ?»

ኡበይድ ወደ ማሽኑ አቀረቀረ።

«‹ሶኬቱ የት ነው?› ነው ያልከው። መጋረጃው ኋላ ቆሜ ስምህን እስክትጠራልኝ ስጠብቅ ነበር።»

«ፈራሁ ሂንድዬ።»

«እኔ አልፈራሁም? ሦስት ጊዜ አላገባም አልኳቸው። ‹ማንን ይዘሽ ነው?› ሲሉኝ መጥቶ ‹እኔን› የሚል ሰው አጣሁ። በአራተኛው እሺ አልኩ። ለሰላሀዲንም በራሴ አፍ ቃል ሰጠሁት። እሱ ምን አጠፋ?»

«እኔስ?»

«አንተማ ሁልጊዜ ነገ ነህ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ጠግነው፣ ኡበይድ።»

ተመልሳ ገባች።

ጫፎቹን ላጠ፣ በአልኮል ጠረገ፣ ማሽኑ ውስጥ አጋጠማቸው። ሠርቶ አያውቅም እንደዚያ ጥሩ አድርጎ። ገመዱን በደንብ ወጥሮ አሰረው። ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ በመስኮቱ በኩል የሰላሀዲን ድምፅ መጣ፦ «ወንድሜን ዘይኑልአቢዲንን ወክዬዋለሁ።»

ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል ሀጂ ራሳቸው ወጡ። «ምሳ ሳትበላ? እንዴት ተደርጎ!» ጎትተው አስገብተው ከምስክሮቹ መሐል አስቀመጡት። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ጀመዓ፣ ለዚህ ልጅ ዱዓ አድርጉለት። እሱ ባይኖር ዛሬ አፍረን ነበር። አላህ ልቡን የምታውቅ፣ ያማረች ሚስት ይስጠው።»

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ። ሰላሀዲንም ከጅዳ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ «አሚን» አለ።

ሁሉም ዝም ካለ በኋላ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ድምፅ ለብቻዋ፣ ቀስ ብላ፣ «አሚን» አለች።

ሰዎቹ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው አወረዱ። ኡበይድም መዳፎቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ምሳው ቀርቦ ሀጂ ትከሻውን እስኪነኩት ድረስ አላወረዳቸውም።