ደሙን ያቀጠነው ሰው

«አንቴና» ያሉት ቁመቱን አይተው ነው፤ ሥራውም ተራራው ጫፍ ላይ የቆመውን የስልክ ማማ መጠገን ስለሆነ ስሙ ልክክ አለ። እሷን ደግሞ የጤና ጣቢያው ሰዎች «መርፌ» ይሏታል። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ደም ስትቀዳ እጇ ለስላሳ ነው፣ ምላሷ ግን ይወጋል።

የተዋወቁት የማማው ሠራተኞች ለምርመራ የመጡ ቀን ነው። ያ ሁሉ ርዝመት መርፌውን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰማይ ላይ የምትንጠለጠል ሰውዬ ይቺን ትፈራለህ?»

«እዚያ ቀበቶ አለ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እዚህ ምን ልያዝ?»

«ወንበሩን» አለችው። ሳቋን ግን መያዝ አቃታት።

ከዚያ ወዲያ አንቴና ሰበብ አላጣም። አንድ ቀን ራሱን ያመዋል፣ ሌላ ቀን ኮሌስትሮሉን ማወቅ ያምረዋል። ኮሌስትሮሉስ ደህና ነበር፤ «ዳገት ለዳገት የምትሮጥ ሰው ስቡን የት ልታኖረው?» ትለዋለች። ያስጨነቃት ደሙ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሰውነትም ያቺኑ ጥቂት አየር ለማዳረስ ቀይ ደም ያበዛል። እሷ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናትና ደሟ ልኩን ያውቃል። እሱ ግን የቆላ ልጅ ነው፤ ደሙ በየምርመራው እየወፈረ፣ ከንፈሩም እየጠቆረ ሄደ።

«በቀጣዩ ምርመራ ካልቀነሰ ወደ ቆላ ትወርዳለህ» አለችው። «የወፈረ ደም ይረጋል። የረጋ ደም አንጎል ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቅርታ አይጠይቅም።»

«አንቺን ትቼ ወዴት ነው የምወርደው?»

መርፌ የደሙ ቱቦ ላይ ስሙን ስትጽፍ ሁለቴ ተሳሳተች።

ሲመለስ ደሙን በመሣሪያው አሽከርክራ የቀዩን መጠን ለካች። ወርዷል! ደስታዋ ግን አልቆየም። እዚሁ ከፍታ ላይ እየሠራ ደም እንዲህ በፍጥነት አይቀጥንም። እጅጌውን ሰበሰበችና ክንዱን አየች። የእሷ ያልሆነ፣ የወፍራም መርፌ ምልክት አለበት።

«የት ሰጠኸው?»

«ደም ባንክ። ለወላድ እናቶች ይሆናል ብዬ...»

«አንዴ ነው?»

አንገቱን ደፋ። «ሁለቴ። በሁለት ከተማ። ሦስት ወር ሳይሞላኝ ደግሜ መስጠቴን እንዳያውቁብኝ።»

ልቧ ቅልጥ አለ። ከእሷ ላለመለየት ደሙን ያስቀዳ ሰው ከየት ይገኛል? ያየችውን ቁጥር ብቻ ብትናገር እሱ አጠገቧ ይቀርላታል፣ ማንም አይጠይቃትም። ደሙ ግን ተመልሶ ይወፍራል፤ እሱም ማማው ላይ እንደተንጠለጠለ... ሐሳቧን አልጨረሰችውም። ተነሥታ ሐኪሙ ዘንድ ገባችና ሁሉንም ነገረችው።

ሐኪሙ ወደ ቆላ እንዲወርድ አዘዘ፤ አንቴና ዕቃውን መኪና ላይ ሲጭን ልትሸኘው መጣች።

«ስለወደድኩሽ አባረርሽኝ» አለ የዕቃውን ገመድ እያጠበቀ።

«እኔም ስለወደድኩህ ነው» አለችው። «አጠገቤ ከምትሞት ርቀህ ኑርልኝ።»

እንዲህ ብሎ መሸኘት ቀላል አይምሰላችሁ። መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ በእግሯ ቆመች፣ ከዚያ ግን እዚያው መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

ስታለቅስ መሰንበቷን እናቷ ታዝበዋል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ፣ «እኔን ብለሽ ነው የቀረሽው?» አሏት።

«እማዬ፣ አንቺን ለማን ልተው?»

«ወለድኩሽ እንጂ ተከልኩሽ እንዴ? ጎረቤቱ ሁሉ ዘመዴ ነው፣ እኅቴም ግድግዳ ለግድግዳ አለችልኝ። ይልቅ የሰው ደም መለካቱን ተይና የራስሽን ልብ አድምጪ።»

ቆላ ስትደርስ ሙቀቱ ትንፋሽ አሳጣት። አንቴና ከጥገና ክፍሉ በር ላይ ሽቦ ሲጠቀልል አገኘችው። መጀመሪያ ያየችው ከንፈሩን ነው፤ ያ ጥቁረት ለቅቆታል፣ ፊቱ ወዝ አግኝቷል። ዕንባዋ መጣ።

ሽቦው ከእጁ ወደቀ።

«ልትመረምሪኝ ነው የመጣሽው?»

«መርምሬ ጨርሻለሁ» አለች ሻንጣዋን እያስቀመጠች። «አሁን አብሬህ ልኖር ነው የመጣሁት።»