ወንድሜ ክፍል ውስጥ የሚጮኸው ኮምፒውተር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተንጣልላለች... ታላቅ ወንድሜ በሞተበት ክፍል ውስጥ።

የጠራችኝ ሚስቱ ናት። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ።

"የወንድምህ ኮምፒውተር አልነሳ አለኝ" አለች በስልክ። "'ላድስ?' ብሎ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የሠርጋችን ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ እባክህ ድረስልኝ።"

ነገሩ ገባኝ። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ባዮስ የምንለው ፕሮግራም አለ። እሱ ሲታደስ መብራት ከሄደ ማሽኑ በድን ይሆናል። እንደገና መጫን ነው መድኃኒቱ።

ስደርስ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ወንድሜ ስትሮክ መትቶት አንደበቱን ካጣ በኋላ እዚያው ላይ ነው የከረመው። እሷ አስታመመችው። ዘመድ አዝማዱ "እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል!" ይላል። እኔም እል ነበር።

ሣጥኑን ከፈትኩ። አቧራውን እፍ አልኩ። ሳንቲም የምታክለዋን ባትሪ ነቅዬ መለስኩ። ፍላሼን ሰክቼ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ እንደጠቆረ ነው።

ጢጥ... ጢጥ ጢጥ።

አልደነገጥኩም። ማሽን ሲታመም በጢጥታ ነው የሚናገረው። ይሄን ዓይነቱን ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጢጥ... ጢጥ ጢጥ።

ከኋላዬ ብርጭቆ ተሰበረ። ዞርኩ። እሷ በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች።

"እትዬ፣ ምነው?"

"ውሃ..." አለች በሹክሹክታ።

"ላምጣልሽ?"

"ለኔ አይደለም። ሲጠማው በቀለበቱ የአልጋውን ብረት እንዲህ ነበር የሚመታው።"

ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማራገቢያው ቆመ...

ጢጥ ጢጥ... ጢጥ ጢጥ።

"ይሄ ደግሞ 'ጎኔ ነደደ፣ ገልብጪኝ'" አለች።

ባትሪዋንም መነጨቅኩ። "አሁን ምንም የለውም እትዬ! ባዶ ብረት ነው!"

አልሰማችኝም። ፍርሃቱ ከፊቷ ላይ እየለቀቀ ሄደ። በምትኩ የመጣው ግን... መሰልቸት ነበር።

"ቀንም ሌሊትም" አለች። "ቀንም ሌሊትም! አንተማ ብርቱካንህን ይዘህ ብቅ ትልና፣ ግንባሩን ስመህ ውልቅ!"

ጢጥጢጥጢጥጢጥጢጥ...

ማባሪያ የለውም።

"ይሄኛውስ?" አልኳት።

ዓይኗን ወደ አልጋው መለሰች።

"ምን ማለቱ ነው?"

"እሱን አንድ ቀን ብቻ ነው የመታው" አለች። "የመጨረሻ ቀን።"

ወደ አልጋው ሄደች። ትራሱን አነሳች። አልተቻኮለችም። ተንበርክካ የተከፈተው ሣጥን ላይ አጋደመችውና በሁለት እጆቿ ተጫነችው... ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እንደሚያውቅ ሰው።

"እሽሽ" አለች። "እሽሽ፣ የኔ ጌታ። አሁን ያልቃል።"

ድምፁ ታፈነ።

ቀጠነ።

ተቆራረጠ...

ቆመ።

እሷ ፀጉሯን አስተካክላ ተነሳች።

"ፎቶዎቹ ይውጡልኝ እንጂ ኮምፒውተሩስ ይቅር" አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "እስቲ ይቺን ያዝልኝ፤ ስብርባሪውን ልጥረግ።"

ትራሱን ሰጥታኝ ወጣች።

ይሞቃል። ርጥብ ነው።

ገለበጥኩት... መሃሉ ላይ የተከፈተ አፍ ታትሞበታል። ጥርሶቹ ሳይቀሩ።

እያየሁት ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ... አየር እንደሚስብ ሰው።