ነጩ መስታወት

ሟቹ እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር በገዛ ግቢው፣ በገዛ አሮጌ መኪናው ውስጥ፣ ማለዳ ጭንቅላቱን በጎማ መፍቻ ተመትቶ ቀርቷል። የሾፌሩ በር መስኮት ወና ነው። ጭኑም፣ ወንበሩም፣ መሬቱም ላይ የመስታወት ስባሪ እንደ በረዶ ፈስሷል።

«ሌባ ነው» አለ ወጣቱ ፖሊስ። የመስኮቱን ማዞሪያ ያዝ አድርጎ አሽከረከረው። «ይኸው፣ ባዶውን ይዞራል። ሰብሮ እጁን ሰደደ፤ ሰውዬው ሲጮህበት መታው። ደግሞ ይዘነዋል።»

የተያዘው ትናንት ከሰዓት ይህንኑ መስታወት የገጠመው ሰው ነበር። በሩ ላይ የጣቱ ደም ተገኝቷል፤ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅም ጎረቤት ሰምቷል።

መርማሪዋ ወደ መኪናው ቀረበች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ለማለት ግን የደፈረ የለም። ጎንበስ ብላ ከሟቹ ጭን ላይ አንድ ስባሪ አነሳች። ከሥሩ ደም አለ፤ ከላዩ ጠብታ አልነካውም። ወደ ፀሐይ ያዘችው። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ልክ እንደ ሌሎቹ መስኮቶች።

«ቤት ውስጥ እነማን ነበሩ?»

«ሚስቱ፣ ልጁና ወንድሙ።»

የሟቹ ወንድም ሳሎን ውስጥ ጫማውን ሳያስር ተቀምጧል።

«ምን ሰሙ?»

«እኔ? እንቅልፍ ከያዘኝ ድንጋይ ነኝ። ቤቱን ነቅለው ቢወስዱት ሜዳ ላይ ነው የምነቃው።»

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ልጁ ውጭ አገር ለመማር ዕድል አግኝቷል፤ መሄጃው ደግሞ ቀርቧል። "መኪናዋን ሽጥና ላከው" ስንለው "እሷማ ከኔ ጋር ነው የምትቀበረው" ብሎ ይስቃል። ሲቀልድ ይሁን ከምሩ፣ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ።»

የሟቹ ሚስት፣ የልጁ እናት፣ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች።

«እማማ፣ እርስዎስ?»

«ምንም አልሰማሁም ልጄ። እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው። ማንኪያ ብትወድቅ የምነቃ ሴት ነኝ።»

ልጁ ገባ። ፊቱን ታጥቧል፤ ትሁት ነው።

«እኔን የቀሰቀሰኝ መስታወቱ ነው» አለ። «ሿ! ብሎ ተሰበረ። ስወጣ አንድ ሰው አጥር ሲዘል አየሁ።»

እናትየው ቀና አለች። ልጇን አየችው፤ ከዚያ መርማሪዋን።

«አዎ፣ አዎ… አሁን ትዝ አለኝ። እኔም ሰምቻለሁ፤ ሿ ሲል።»

መርማሪዋ ከዚያ ወዲያ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም።

መስታወት ገጣሚውን ጣቢያ ሄዳ አገኘችው። አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በቀለም ነዋ! እሱ ቡናማውን ነው የፈለገው። የመኪናዋ ዕድሜ ያንቺን ያክላል እህቴ፣ ቡናማውን ከየት ልውለድለት? ያገኘሁት ነጭ ነው። "አንድ ዓይኗ የጠፋ አስመሰልካት" ብሎ ጮኸብኝ። ኋላ ግን ሳቅን።»

«አሮጌው ስባሪስ?»

«ባለፈው ኳስ ሲመታት ግማሹ በሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጠርጌ በጆንያ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩት፤ ጣቴንም ያኔ ነው የቆረጠኝ። አዲሱን ከማንሻው ጋር በማስቲሽ አጣበቅኩና "እስከ ነገ ቀትር መስኮቱን እንዳትነካ" አልኩት። ሳይደርቅ ካዞርሽው ተላቆ በሩ ሆድ ውስጥ ነው ቁጭ የሚለው።»

«ይህን ከሱ ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም። ብቻውን ነበር። እንዲያውም…» ብሎ ሟቹ የነገረውን አንድ ነገር ነገራት።

መርማሪዋ ወደ በሩ አመራች። «ይህቺን እዚያ አታንሳት። ካቻቢቴህን ያዝና ተነስ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መኪናዋን ከበው ቆሙ። ሬሳው ተነስቷል።

«ትናንት የተገጠመው መስታወት ነጭ ነው» አለች። «ሟቹ ላይ የፈሰሰው ቡናማ ነው። አጥሩ ሥር የነበረው ጆንያ ባዶውን ቀርቷል። ነጩስ?»

ገጣሚው ብሎኖቹን ፈትቶ የበሩን ሽፋን አወለቀ፤ እጁን ሰዶ መስታወቱን ሳበው። ሙሉ ነበር፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ወጣቱ ፖሊስ ማዞሪያውን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«ሟቹ መስኮቱን እንዳይነካ ያውቃል። ያወረደው ሌላ ነው፤ ስባሪውንም የበተነው ሰውዬው ከተመታ በኋላ ነው፤ ደሙ ከሥር ነው ያለው። ለምን ዝም ብሎ አልሰበረውም? ድምፅ ፈርቶ። ማንኪያ ስትወድቅ የምትነቃ ሰው እንዳለች የሚያውቅ፣ የቤት ሰው።»

«እኔንም ነው እንዴ?» አለ ወንድምየው።

«እርስዎ አልሰማሁም ብለዋል፤ እውነት ነው። የሚሰማ ነገር አልነበረም። ያልተሰበረ መስታወት ሲሰበር የሰሙት ሁለት ናቸው።»

«እኔ ነኝ!» እናትየው መሀል ገባች። «እኔ ነኝ የመታሁት! እኔን ውሰዱኝ!»

«እማማ፣ መጀመሪያ የነገሩኝ እውነቱን ነው። የዋሹት ልጅዎ ከተናገረ በኋላ ነው፤ ያኔ ነው የገባዎት።»

ልጁ ነጩን መስታወት ትኩር ብሎ ያያል።

«ሊሸጣት ያሰበ ሰው አዲስ መስታወት ያስገጥማል?» አለ። «ጠዋት ሄጄ ጠየቅኩት። "ከኔ ጋር ነው የምትቀበረው" ብሎ ሳቀ። እኔ ዕድሜዬ እያለቀ እሱ ይስቃል!»

ገጣሚው «አታንሳት» የተባለውን ረሳ። መርማሪዋ በዓይኗ ልትይዘው ሞከረች፤ አልደረሰችም።

«ኧረ አንተ ልጅ! "ያለ መስታወት ማን ይገዛታል? ገዢው ነገ ከሰዓት ይመጣል፤ ለልጁ እንዳትነግርብኝ፣ ቀልዴን ታበላሽብኛለህ" ነው እኮ ያለኝ!»

ልጁ መሬት ላይ፣ ስባሪው ላይ ተቀመጠ። ፖሊሱ ብብቱን ይዞ ሲያነሳው መዳፉ በቡናማ ስባሪ ተወግቶ ነበር፤ እሱ ግን ልብ አላለውም።

የግቢው በር ተንኳኳ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው አንገቱን አስገባ። «ይቅርታ፣ የሚሸጥ መኪና አለ ብለውኝ ነበር።»

 እናትየው ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሄደችለት።

«ትሸጣለች» አለችው። «ግባ፣ እያት። ለልጄ ነው የምሸጣት።»

«አትሸጥም እማማ» አለች መርማሪዋ። «ማስረጃ ናት።»