ቢጫው ናስትሮ

«እሷ ብየዳውን አግዛኛለች» አለ ልጁ። «ሐሳቡም ሥራውም ግን የራሴ ነው።»

ልጅቷ የመበየጃ ካውያዋን እንደያዘች ከጠረጴዛው ጀርባ ቀና አለች። ጆሮዋ ሰምቷል፤ ልቧ ግን አልቀበልም አለ። ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች። የክበቡ አስተማሪም ወደ ልጅቷ ሳያይ አብሮ ነቀነቀ።

ዳኛዋ የፓምፕ ፋብሪካ መሐንዲስ ናት። ከቴክኖሎጂ ክበቡ ሥራዎች አንዱን መርጣ፣ ሠሪውን በእረፍቱ ወራት ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ልትወስድ ነው የመጣችው። ቦታው ለአንድ ተማሪ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባልዲ አለ፤ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ብሎ። ትንሽ ፓምፕ ከታችኛው ውሃ እየሳበ ላይኛውን ይሞላል። ሊሞላ ሲል በውሃው ላይ የተንሳፈፈው ቡሽ ከፍ ይልና ፓምፑ በራሱ ይጠፋል። የሐሳቡ መነሻ የትምህርት ቤቱ ታንከር ነው። ታንከሩ በሞላ ቁጥር፣ ዘበኛው ከበሩ ሮጠው ማጥፊያውን እስኪጫኑ ድረስ ውሃው እየፈሰሰ ግቢው ጭቃ ይሆናል። «በስተርጅና ሯጭ አደረገኝ እኮ ይሄ ታንከር!» ይላሉ ዘበኛው። ተማሪው ሁሉ ሲስቅ እሷ ቆማ ታንከሩን ታይ ነበር።

ልጁና ልጅቷ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ዴስክ አልተለያዩም። የተበላሸ ነገር ካገኙ ሳይፈቱት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እሷ ትፈታለች፣ እሱ ብሎን ይይዛል። እሷ ታስረዳዋለች፣ እሱ ይሰማል። ክፍል ፊት ወጥቶ የሚናገረው ግን እሱ ነው። እሷ ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል። «አንተ አውራ፣ እኔ ልሥራ» ተባብለው ተስማሙ። ክፍሉም እሷን «ብየዳ»፣ እሱን «አፈ ቅቤ» ብሎ ሰየማቸው። ከአፈ ቅቤ ቀጥሎ የሚመጣውን የተረቱን ግማሽ ማንም አላነሣውም። እሷም አስባው አታውቅም።

«እስቲ ከመጀመሪያው አሳየኝ» አለች ዳኛዋ። «ባትሪው ተነቅሏል አይደል? ሰክተህ አስነሣው።»

ልጁ እጅጌውን ሰበሰበ። ትናንት «ትንሽ ላስውበው» ብሎ ፓምፑን የሚያጠፋው ቦርድ ያለበትን ሳጥን ቤቱ ወስዶት ነበር። ሰማያዊ ቀለም ቀብቶት አምሮበታል። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ከሳጥኑ ሲያወጣ ልጅቷ ክው አለች። ጥቁሩ ጫፍ ላይ የነበረው ቢጫ ናስትሮ የለም።

ሽቦዎቹ አጎቷ ሬዲዮ ከሚጠግንበት ቤት የመጡ ናቸው። በደንቡ ቀይ ፖዘቲቭ ነው። ይሄኛው ቀይ ግን አጭር ስለነበር ከቦርዱ ፖዘቲቭ በኩል ተነሥቶ ባትሪው ጋ አልደርስ አላት። ስለዚህ ጥቁሩን ፖዘቲቭ፣ ቀዩን ኔጌቲቭ አደረገች። ሰው እንዳይሳሳት ደግሞ ጥቁሩ ጫፍ ላይ ቢጫ ናስትሮ ጠቀለለችበት። «ቢጫ ያለበት ነው ፖዘቲቩ፤ እንዳትረሳ» ብላዋለች። እሱ ያን ቀን ኳስ አስቸኩሎት «እሺ፣ እሺ» እያለ ወጣ። ትናንት ያ የቆሸሸ ናስትሮ ሲያስጠላው ልጦ ጥሎታል።

አሁን ቀዩን ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ እያስጠጋ ነው። ከነካ ቦርዱ ይቃጠላል። ጭሱ ሲወጣ የእሱም ነገር አብሮ ይወጣል። ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች።

«ይቃጠል!» አለች በሆዷ።

ከዚያ ቦርዱን አየችው። እያንዳንዷን የብየዳ ነጥብ ታውቃታለች። አንዷን ደጋግማ አፍርሳ ነው የሠራቻት፤ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያች ነው። ቦርዱ ምን አጠፋ?

«ጥቁሩ ነው» አለች። «ፖዘቲቩ ጥቁሩ ነው!»

የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዳኛዋ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ጥቁር ለምን ሆነ?»

መልሱ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፣ ሙሉው። የክፍሉ ዓይን ሁሉ ግን ፊቷ ላይ አረፈ።

«ቀዩ… ቀዩ…» አለች።

ልጁ ሽቦዎቹን በዓይኑ ለካ። ፈጣን ነው፤ ይሄ አይካድም።

«ቀዩ አጥሮብኝ ነው» አለ እየሳቀ። «ቅድም ደግሞ ሆን ብዬ ነው፤ ትከታተል እንደሆነ ልፈትናት ብዬ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛዋም ፈገግ አለች። ልጁ ጥቁሩን ለፖዘቲቭ ሰካ። ውሃው ወጣ፣ ቡሹ ተነሣ፣ ፓምፑ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ተጨበጨበ። አስተማሪው የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ ዳኛዋም እጁን ጨበጠችው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሰው ከወጣ በኋላ ልጁ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«አየሽ? በላነው!»

«በላነው?»

«ታዲያስ! እኔ ሄድኩ ማለት አንቺ ሄድሽ ማለት አይደል?»

«‹የራሴ ነው› አልካቸው።»

«ኤጭ፣ አታካብጂ! ቦታው አንድ ነው። ደግሞ አንቺ ልታስረጂያቸው ነበር? ‹ቀዩ… ቀዩ…›» ብሎ ድምፅዋን አስመሰለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብራው ትስቅ ነበር። እንዳልሳቀች ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ ስሚኝማ። ማዕከሉ ስገባ ቦርዱን ፈትተህ አስረዳ ይሉኛል። ቡሹ ሲነሣ ውስጡ ምን እንደሚሆን ነገ ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ። እንደ ድሮው።»

እንደ ድሮው። ነገሩ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። እሱ ፊት ምላሷ ተተሳስሮ አያውቅም። ስለ ሽቦና ስለ ቦርድ ሳትፈራ የምታወራው ለእሱ ብቻ ነበር። ከሁሉ የከነከናት ይሄ ነው።

«እኔ ብየዳውን ነው ያገዝኩህ» አለች።

«ምን?»

«ሌላውን አላውቅም።»

ቀልዷን ነው ብሎ ጠበቀ። እሷ ካውያዋን ከሶኬቱ ነቀለች። አልበረደም። ጫፉን እፍ እፍ እያለች ቆየች፤ እሱም ቆሞ ያያታል። ከዚያ በጨርቅ ጠቀለለችውና ወጣች።

«ብየዳ!» አላት ከኋላ። «ኧረ ብየዳ፣ ኧረ ተይ!»

ዞር አላለችም።

ግቢው ውስጥ ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር። ዘበኛው ማጥፊያውን ተጭነው፣ ሱሪያቸውን እንደሰበሰቡ ከጭቃው እየወጡ ነው።

«ዛሬም ቀደመኝ!» አሏት እያለከለኩ። «ያ ልጅ ሠራው ያሉት ነገር የታለ? ለእንግዳ ብቻ ነው እንዴ?»

አንገቷን ቀና አድርጋ ታንከሩን ከታች እስከ ክዳኑ አየችው። እዚህ ላይ ቡሽ አይበቃም፤ ባዶ ጄሪካን ይሻላል። ሽቦውም ረጅም መሆን አለበት። ቀይ፣ ረጅም።

«ጋሼ» አለች፣ «መሰላል አለዎት?»