በፊታውራሪው ወንበር ላይ

አቶ በዛብህ በአያታቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ። አቃቂ በሚገኘው የፊታውራሪው ቤት ሙዚየም ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ለጎብኚ ክልክል ነው፤ ሞትን ግን ማንም አልከለከለውም።

ኢንስፔክተር ዙፋን ስትደርስ ጎብኚዎቹ ቃላቸውን ሰጥተው ወደ ሳሪስ ሸሽተዋል። የአዳራሹ ጣውላ በረገጡት ቁጥር ያቃስታል። ፊታውራሪው ከግድግዳው ሥዕል ላይ፣ በዚያ ረጅምና ጠማማ አፍንጫቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ሬሳ ቁልቁል ያያሉ። ከሬሳው እግር ሥር ብርሌ ተሰብሯል፤ ከብርሌው አጠገብ የፈሰሰውን ጠጅ የላሰች ድመት ተዘርግታለች።

በሩ ጥግ ሙህዲን እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ሱቁ ከሙዚየሙ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ለጠጁ ማር የሚያቀርበው እሱ ሲሆን፣ ፖሊስ ከመደርደሪያው ላይ የአይጥ መርዝ አግኝቷል።

«ኢንስፔክተር፣ መርዝ እሸጣለሁ፤ ግን ለአይጥ ነው!»

«ለማን ሸጥክ?»

«ለማን ያልሸጥኩት አለ? አቃቂ እኮ ነው! ጋሽ ሀብቴ ወስደዋል፣ ሶሊያና ወስዳለች፣ ሟቹም ወስደዋል። አይጡ ብቻ ነው መጥቶ ያልገዛኝ።»

የዙፋን ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«መርዝ የሸጠ አለሽ፣ መርዝ የጠጣ አለሽ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ማረሚያ ቤቱ ጎረቤትሽ ነው፤ ነዳጅ እንኳ አናወጣም። ሳይመሽ ይግባ!»

ሙህዲን ሰምቷል። ሚስቱ አዚዛ ምሳ ዕቃ ይዛ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። «ለእስረኛ ጠያቂ ሁሉ ምሳ ዕቃ የምሸጠው እኔ ነኝ» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ለራሴ እንደሚሆን መቼ አወቅኩ?»

ዙፋን የሟቹን የወንድም ልጅ ሶሊያናን ጠራች። ወጣቷ ማስቲካዋን ለሐዘን ብላ በቀስታ ታኝካለች።

«ከአጎትሽ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«አዎ። ‹ይሸጥና መጋዘን ይሁን› አልኩት፤ ‹ቅርስ ነው› አለኝ። ግን እኔ ወዲያ ጥግ ፎቶ ሳነሳ ነበር፤ ወደ ወንበሩ አልቀረብኩም። ጎብኚዎቹን ጠይቂ።»

«ምን ምን ሆነ?»

«የየቀኑ ትርዒት ነዋ! አጎቴ ፊታውራሪውን ይሆናል። ጋሽ ሀብቴ አደግድገው ይቀዳሉ፣ ከብርሌው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ይሰጡታል። የድሮ አሳላፊ ጌታው እንዳይመረዝ እንደሚያደርገው። ፈረንጆች ሲወዱት!»

«ዛሬ ሲቀምሱ አየሽ?»

«ሁሌም ይቀምሳሉ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

የሶሊያና ማስቲካ ቆመ።

አሳላፊው ጋሽ ሀብተሚካኤል ከወንበሩ በስተቀኝ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ ቆመዋል። ዝንቡ ሬሳውን ትቶ እሳቸውን ይዟል።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ።»

«በዚህ ቤት ተቀምጬ አላውቅም።»

ከኋላቸው ማሰሮ የያዘች ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ አዲስ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «ስሟ ያልታወቀ አገልጋይ»። ዙፋን የሴትዮዋን አፍንጫ አየች፤ ቀና ብላ የፊታውራሪውን አየች፤ በመጨረሻም የሽማግሌውን።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ተጽፏል እኮ» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ፎቶው ሳይዞሩ።

ዙፋን ሁሉንም ወንበሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ደጁ እየጨለመ ነበር። ሬሳው ጋቢ ለብሷል። ዙፋን በሌላ ብርሌ ውሃ አስመጣች።

«ጋሼ፣ ይቅመሱልኝ።»

ሽማግሌው አደገደጉ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ፉት አሉት። አንዲት ጠብታ አልባከነችም።

«ያምራል» አለች ዙፋን። «እንግዲህ ስሙኝ። ጠጁ የተመረዘው ከማሩ ከሆነ ቀማሹም መታመም ነበረበት። ብርሌው ከተመረዘም እንደዚያው፤ የቀመሱት ከዚያው ብርሌ ነው። ከእሳቸው እጅ ወደ ሟቹ እጅ ሲያልፍ ደግሞ መሀል የገባ ሰው የለም። ድመቷ ሞታለች፤ እሳቸው ቆመዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ቤት ከሟቹ ሌላ ጠጁን የቀመሰችው ድመቷ ብቻ ናት።»

«እኛ እኮ አይተናል!» አለች ሶሊያና።

«በየቀኑ ስለምታዪው ዛሬ አላየሽም።» ዙፋን የሽማግሌውን ቀኝ እጅ አንስታ እጅጌያቸውን ገለበጠች። ከአንጓ እስከ ክርን የደረቀ ቢጫ መስመር ወርዷል፤ ዝንቡ ግር ብሎ ተነሳ። «ጋሼ፣ ዛሬ ለምን በእጅጌዎ ጠጡ? መቀመስ እንደሌለበት የሚያውቀው መርዙን የጨመረው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ፎቶው ዞሩ።

«የሺሐረግ ትባላለች» አሉ ሽማግሌው። «እናቴ ናት። ፊታውራሪው ከገረዳቸው የወለዷት። በዛብህ ያውቃል፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ‹ስሟን ጻፍልኝ› ብዬ ለመንኩት። ‹ጎብኚው ግራ ይጋባል› አለኝ። በየቀኑ እንዳይሞት ቀመስኩለት። ዛሬ ብቻ…»

ካቴናው ከሙህዲን እጅ ወጥቶ ወደ ሽማግሌው እጅ ተሻገረ። ያኔም አደግድገው ነው የተቀበሉት።

«ጠያቂ ዘመድ አለዎት?» አለች ዙፋን።

ሽማግሌው ፊታውራሪውን ቀና ብለው አዩና አንገታቸውን ደፉ።

ሙህዲን አንጓውን እያሻሸ ወደ በሩ ሄደ። «አዚዛ፣ ምሳ ዕቃውን ስጪኝ፤ ለጋሽ ሀብቴ ነው። ጠያቂ የላቸውም።»

ከኋላው ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ። ሶሊያና ጽሑፉን ከፎቶው ሥር ገንጥላ በእጇ ጨብጣለች።

«አላቸው» አለች።