አሸን የበላ ዓሣ

አድማሴን ከመካነ ሰላም በታች፣ ወንዝ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ማጅራቱ በድንጋይ ተመትቷል፤ የመንጠቆው ዘንግ ከእጁ አልወጣም። ነፍስ ይማር፤ በዚያ በስድሳ ስድስት ረሃብ ልጆቹን በዓሣ ያቆየ ሰው ነበር።

ወዳጁ ጀብሪል የዚያን ዕለት ጠዋት አብሮት ወንዝ ሲወርድ ታይቷልና፣ ሰዉ የኋሊት አሰረው። ፖሊሱ አምሳ አለቃ ገበየሁ በማግስቱ ሲደርስ ደሴ ወህኒ ሊሰዱት ተነስተዋል።

«እኔ ከታሰርኩ ልጆቼ አይከርሙም» አለ ጀብሪል። «ወላሂ ደህና ትቼው ነው የሄድኩት። ሰማዩም ደመና አልነበረውም።»

ጀብሪል ከወንዙ ከተማ ወጥቶ ለእርዳታ እህል ተሰልፎ ውሏል፤ ከቀትር በኋላ የጣለው ዝናብም እዚያው ደብድቦታል። ገበየሁ ሰልፈኞቹን ጠይቆ አጣራ። ሰዉ ግን ሳይሄድ በፊት ገድሎት ነው ባይ ነው።

ገበየሁ ዘንጉን አንስቶ መንጠቆውን አየ። የተሰካበት ትል አይደለም፤ አሸን ነው፣ ክንፍ ያወጣ ምስጥ። ከሟቹ አጠገብ ግን አንድም ዓሣ የለም። ወደ ሟች ወንድም ወደ ውበቱ ቤት ሄደ። ልጆቹ የዓሣ አጥንት ይልሳሉ።

«ዓሣውን ትናንት ጠዋት በፀሐይ፣ ራሱ አድማሴ እደጄ አምጥቶ ሰጠኝ» አለ ውበቱ። «ዝናቡ ከመጣ ወዲያ ከቤት አልወጣሁም።»

ገበየሁ ጓሮ የተጣለውን የዓሣ አንጀት በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገው።

ከቀብር መልስ ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበ።

«አሸን መቼ ነው የሚወጣው?»

«ዝናብ ሲያባራ ነዋ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ይሄን ልትጠይቅ ነው ከከተማ የወረድከው?»

«አዎ አባቴ። ዘንድሮ ዝናብ የጣለው ትናንት ከቀትር በኋላ ብቻ ነው። በአድማሴ መንጠቆ ላይ አሸን አለ። እንግዲህ ዝናቡ ሲያባራ በሕይወት ነበረ፤ ያጠምድ ነበር። ጀብሪል ያን ጊዜ ከተማ ሰልፍ ላይ ነው። ፍቱት።»

ፈቱት።

«በውበቱ ጓሮ ያለው የዓሣ አንጀትም አሸን ሞልቶታል። ከዝናቡ በኋላ የተያዘን ዓሣ ጠዋት ማን ይሰጣል? ውበቱ፣ ወንዝ ወርደህ ነበር።»

ውበቱ መሬት መሬቱን አየ።

የአድማሴ ሚስት ንግሥቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። «ወንድምህ አይደለም? ብትለምነው ይሰጥህ ነበር።»

«ለምኜዋለሁ» አለ ውበቱ። «ልጆቼ ሊያልቁ ነው አልኩት። ‹ንግሥቴ ለማንም እንዳትሰጥ ብላኛለች› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ንግሥቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቁጭ አለች። እውነትም እንዲያ ብላው ነበር።